የተደጋገመ ቴምብር ለምን ይጠቅማል?

ደብዳቤ ሲደርስ ፖስታውን ቀድዶ ወረቀቱን ማውጣት፤ ፖስታውንም ወደ ቅርጫት መጣል በቢሮም በቤትም የተለመደ ነው። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ግን አስቀድሞ ማዕዘኑን ይመለከታል፤ ቴምብሩንም በመቀስ ቈርጦ ያስቀምጣል። ይህን ልማድ ጥቂት ዓመት ከያዘ በኋላ ሁለት ነገር ይኖረዋል። አንደኛው ቴምብሮቹ በየቦታቸው የተደረደሩበት መልካም አልበም ነው። ሁለተኛው ደግሞ አልበሙ የማይቀበላቸው፥ አንዱ ዐይነት ሠላሳና አርባ ጊዜ የተደጋገመበት የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ስለ አልበሙ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ቆርቆሮው ነው።

በቅርቡ በናይሮቢ ከተማ፥ በንጉሠ ነገሥታችን ስም ምኒልክ መንገድ ተብሎ ከሚጠራው ጎዳና ብዙ በማይርቅ ቤት ውስጥ ቡና ተጋብዘን ነበር። ባለቤቲቱ የአገራችን ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሳምንት ወደ ሌላ አነስ ያለ ቤት ለመዛወር ዕቃዋን ስትለይ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አውጥታ በፊታችን አስቀመጠች። ውስጡ ባሏ በዕድሜው ሙሉ ያጠራቀመው ትርፍ ቴምብር ነበር።

«ጋሼ፥ ለነጋዴ አሳይቼው ነበር፤ ምንም አያወጣም አለኝ። ልጥለው ነው። ይህን ሁሉ የት አደርገዋለሁ?» አለች።

ነጋዴው አልዋሸም። ቴምብር ዋጋ የሚኖረው የታተመው ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ነው። ለዕለት ተዕለት ደብዳቤ የሚሆነው ቴምብር ግን እጅግ በብዛት ስለሚታተም ነጋዴዎች በኪሎ እየመዘኑ ይገዙታል። ብዙ ሰው «አሮጌ ነውና ውድ ይሆናል» ብሎ ያስባል፤ ይህ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የወጣው የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር እንኳ ወደ 68 ሚሊዮን ያህል ታትሟል፤ የመጀመሪያ በመሆኑ ብዙ ሰው ይፈልገዋል እንጂ ብርቅ ነው ለማለት አይቻልም። እንግዲህ የተደጋገመውን ቴምብር ለገንዘብ ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው ቆርቆሮውን በከንቱ ይሸከማል።

ይሁን እንጂ ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ስንደፋው የወጣው ነገር የሚናቅ አልነበረም። በናይሮቢ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ደብዳቤ የሚመጣው በየቤቱ ደጃፍ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑን የሚከፍተውም አንድ ሰው ስለ ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ቴምብር ሁሉ በአንድ እጅ ያልፋል። ሟቹም በሠራበት ቢሮ ይህ ዕድል የነበረው ሰው ነው። ዛሬ መልእክት በስልክና በኮምፒዩተር ስለሚሄድ እንዲህ ያለ ክምር እንደገና ይገኛል ማለት ያስቸግራል።

ከክምሩ ውስጥ ኬንያ፥ ኡጋንዳና ታንጋኒካ በአንድነት ያወጧቸው ቴምብሮች ይበዙ ነበር። ሦስቱ አገሮች ከእ.ኤ.አ. 1935 ዓ.ም. ጀምሮ ስማቸውን በአንድ ቴምብር ላይ ያትሙ ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣውም ላይ ቃጫ፥ ጥጥ፥ ቡና፥ የሜዳ አህያና አቦሸማኔ ከንግሥቲቱ መልክ ጋራ ይታያሉ። ኬንያ ነጻ በወጣችበት ቀን፥ ማለት ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. (ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 እ.ኤ.አ.)፥ ለብቻዋ ባወጣቻቸው ቴምብሮች ላይ ግን የንግሥቲቱ መልክ የለም፤ በአንደኛው ላይ ጆሞ ኬንያታ ከኬንያ ተራራ ጋራ ይታያል። ከዚህም በኋላ የታንጋኒካ ስም ወደ ታንዛንያ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ሲፈርስም የሦስቱ የጋራ ቴምብር ቀረ። በ1983 የወጡት አበቦችና በ1988 የወጡት ቢራቢሮዎች የኬንያ ብቻ ናቸው። አንድ ልጅ እነዚህን በአገር ስም ለይቶ ቢደረድራቸው የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ በአንድ ከሰዓት በኋላ በጣቱ ይዳስሳል።

እዚህ ላይ የተደጋገመ ቴምብር የሚበልጥበትን ነገር እንናገር። አንድ ብቻ የሆነው ቴምብር በአልበም ይቈለፍበታል፤ በወረንጦ ካልሆነ በቀር አይነካም፤ ልጅም እንዲቀርበው አይፈቀድለትም። አርባ ጊዜ የተደጋገመው ግን ቢቀደድ፥ ቢጠፋ፥ በደብተር ላይ ቢለጠፍ የሚያዝንለት የለም። ስለዚህ ለመማሪያነት የተመቸው እርሱ ነው።

ይህንንም ያስተዋልነው በቡናው ላይ ከእኛ ጋራ በተጋበዘ አንድ ኬንያዊ ባለሥልጣን ምክንያት ነው። ይህ ሰው ሥራው ወደ አዲስ አበባ ስለሚያመላልሰው አማርኛ በመማር ላይ ነበረ። ከክምሩ አንድ የኢትዮጵያ ቴምብር አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበውና «ኢ… ት… ዮ…» እያለ ማንበብ ጀመረ፤ «ጵ» ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። የባለቤቲቱ ልጅ፥ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ያህል የሆነ፥ በበሩ ሥር ቆሞ ይመለከት ነበር። ልጁ አማርኛ አጥርቶ ይናገራል፤ ነገር ግን ናይሮቢ ተወልዶ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ስለ ተማረ ፊደል አያውቅም። እናቱ ብዙ ጊዜ ልታስተምረው ሞክራ እንደ ነበረ፥ እርሱም የፊደሉን ገበታ ባየ ቍጥር ይሸሽ እንደ ነበረ ነገረችን። በዚያን ቀን ግን የውጭ አገር ሰው የአባቱን ቋንቋ ሲያነብብ ማየቱ ቅር ሳያሰኘው አልቀረም፤ ቀስ ብሎ ተጠጋና፥

«ጋሼ፥ ያቺ የቆሙባት ፊደል ማን ናት?» ሲል ጠየቀ።

ባለሥልጣኑም «እኔም አላወቅኋትም፤ እናትህን እንጠይቅ» አለው። ሁለቱም ከአንዲት መምህር ፊት ተማሪ ሆነው ተቀመጡ።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን የኢትዮጵያን ቴምብር እንደ ትንሽ መጽሐፍ ሊቈጥሩት ይችላሉ። የአገሩ ስም በአማርኛ ፊደልና በላቲን ፊደል ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል፤ የውጭው ጽሑፍ ቀድሞ በፈረንሳይኛ ነበር፤ ኋላ በእንግሊዝኛ ሆነ። በብዙዎቹ ላይ የሥዕሉ ስም በሁለቱም ቋንቋ ስለሚገኝ፥ ተማሪው ዋልያን ወይም ደጋ አጋዘንን አይቶ፥ አማርኛውን አንብቦ፥ የተሳሳተ እንደ ሆነ በሌላው ጽሑፍ ራሱን ያርማል። በቀደምቶቹ ላይ የግዕዝ አኃዝ ስላለ ፭፥ ፲ና ፳ን ያለ አስተማሪ ይለያል። ከዚያም ዋጋቸውን እየደመረ «ዐሥር ሳንቲምና ሃያ አምስት ሳንቲም ስንት ይሆናል?» ብሎ መጠየቅና መመለስ ይችላል። በቀን አምስት ቴምብር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ዐይን ያደክማል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነውና ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቴምብር በእጁ የሌለ ሰው በልውውጥ ያገኘዋል። ለናይሮቢ ሰው የቢራቢሮው ቴምብር እንደ መንገድ ጠጠር ነው፤ ለደሴ ወይም ለጎንደር ተማሪ ግን አዲስ ነገር ነው። እንዲሁም ለአዲስ አበባ ሰው የሰለቸው ቴምብር በናይሮቢ ተፈላጊ ይሆናል። ልውውጡ አንድ ለአንድ ቢሆን ማንም አይከስርም።

ቴምብሩን ከፖስታው ለማላቀቅ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ይበቃል። ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ በራሱ ይንሸራተታል፤ በጥፍር መላጥ ግን ያበላሸዋል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ይደርቃል፤ በማግሥቱም በከባድ መጽሐፍ ውስጥ ይቀመጣል። ቀለም ያለው ፖስታ፥ ይልቁንም ቀዩ፥ ቀለሙ ስለሚለቅ ለብቻው ይነከር። የዛሬዎቹ ተለጣፊ ቴምብሮች ብዙዎቹ በውሃ አይለቁም፤ እነርሱን ከነወረቀታቸው ቈርጦ መተው ይሻላል። ማኅተሙን አጥቦ ቴምብሩን ዳግመኛ በደብዳቤ ላይ መለጠፍ ወንጀል መሆኑን፥ የመሥሪያ ቤት ያልተሠራበትን ቴምብርም ወደ ቤት መውሰድ ስርቆት መሆኑን ለባለሥልጣን አንባቢ መንገር አያስፈልግም ይሆናል፤ ቢሆንም ተናግረነዋል።

ከመዘፍዘፍ በፊት ግን ፖስታውን ማየት ይገባል። ይህን የምጽፍ እኔ በወጣትነቴ አንድ ሙሉ ፖስታ አግኝቼ፥ ቴምብሩን ብቻ ፈልጌ ማዕዘኑን ቈረጥሁ፤ የከተማውን ስምና ቀኑን የያዘው ክብ ማኅተም በመቀሴ ለሁለት ተከፈለ። ቴምብሩ ተራ ነበር፤ ማኅተሙ ግን የአንዲት ትንሽ ከተማ ስለ ነበረ ሁለተኛ አላገኘሁትም። የዳግማዊ ምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብሮች ታሪክ ባውቅ ኖሮ ይህን አላደርግም ነበር። እነዚያ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. በፓሪስ የታተሙ ሰባት ዐይነት ናቸው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሦስቱ ላይ አንበሳ ይታያል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. (ኅዳር 1 ቀን 1908 እ.ኤ.አ.) ስለ ነበረ፥ ከዚያ በፊት በዚህ ቴምብር ብቻ ደብዳቤ ወደ ውጭ አገር አይደርስም ነበር። ስለዚህ ያልተሠራባቸው በብዛት ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም ከዕድሜያቸው ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በደብዳቤ ላይ ተለጥፈው በእውነት የተጓዙት ግን እጅግ ይፈለጋሉ።

ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ለበጎ አድራጎት መስጠት ይቻላል። በአውሮፓ ያሉ ልዩ ልዩ የርዳታ ማኅበሮች ያገለገለ ቴምብር ሰብስበው በኪሎ በመሸጥ ሲረዱበት ኖረዋል፤ ለዚህ የሚሆነው በዙሪያው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ወረቀት ተትቶለት የተቈረጠው ነው። ገቢው ጥቂት ነው። ከልጆች ጋራ የሰላምታ ካርድ ማስጌጥም መልካም ነው፤ ነገር ግን እኛ ከማስጌጥ ይልቅ ማንበብን እንመርጣለን።

ወደ ምኒልክ መንገዱ ቤት እንመለስ። ቆርቆሮው አልተጣለም፤ ወደ አዲሱ ቤት ተሸጋገረ። ባለሥልጣኑም በየሳምንቱ እየመጣ ከልጁ ጋራ ያነብባል፤ ከመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ፖስታዎችም የኬንያ ቴምብር እየቈረጠ ያመጣለታል፤ ልጁ አዲስ አበባ ላለው የአክስቱ ልጅ ይልከዋል። ከሦስት ወር በኋላ ስንጠይቃቸው ልጁ የቆርቆሮውን ሥር ሲፈትሽ ያገኛቸውን አምስት ያልተቈረጡ ፖስታዎች አሳየን። አባቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሳለ ለእናቱ የላካቸው ናቸው። የፊቱ አድራሻ በእንግሊዝኛ ነው፤ በጀርባው ግን የላኪው ስም በአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

የእጅ ጽሑፍ ከሕትመት ይከብዳል። ልጁ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሦስተኛውን ጊዜ የአባቱን ስም ከነአያቱ፥ ቀጥሎም «ፖ.ሣ.ቍ.» የሚለውን አነበበ። እናቱ ፖስታዎቹን ከቴምብሩ ቆርቆሮ አውጥታ የጋብቻ ፎቶግራፋቸው ባለበት ሣጥን ውስጥ አኖረቻቸው።