ሁለት ክብ፣ መሐሉ አንድ አራት ማዕዘን



ልጆቹን «ቤተ ክርስቲያን ሳሉ» ስንላቸው ብዙዎቹ ረዘም ያለ ቤት ይስሉና ከፊቱ ሹል ግንብ ያቆሙለታል። አይፈረድባቸውም፤ ዌስተርቪል ውስጥ የሚያዩት ያንኑ ነው። በ1870ዎቹ የተሠራው የኦተርቤይን ዩኒቨርሲቲ ታወርስ ሆል እንኳ ትምህርት ቤት ሆኖ ሳለ፣ በሹል ግንቦቹ ቤተ ክርስቲያን ሊመስላቸው ይችላል።

የሚያሳስበን ሥዕሉ አይደለም። «ቅኔ ማኅሌት»፣ «ቅድስት»፣ «መቅደስ» የሚሉ ቃላት ስናስተምራቸው በዓይናቸው የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም። ለክረምት አገር ቤት ሲሄዱ አያታቸው «በል ናልኝ፣ ቅኔ ማኅሌቱ ጋ እንቁም» ቢሏቸው የት እንደሆነ አያውቁም።

እስቲ ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡ። ትልቅ ክብ ሳሉ፣ ውስጡ ሌላ ክብ፣ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን። የውጪው ቀለበት ቅኔ ማኅሌት ነው፤ መሪጌቶችና ደብተራዎች በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚዘምሩበት። ቀጥሎ ቅድስት፣ ሕዝቡ የሚቆርብበት። አራት ማዕዘኑ መቅደስ ነው፤ ታቦቱ ያለው እዚያ ሲሆን የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ጣና ላይ፣ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንዲህ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከውጭ በኩል በሥዕል ተሸፍኗል። ፎቶውን አብራችሁ እዩ። ከጣሪያው ጫፍ ጉልላት ጨምሩ፣ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሰጎን እንቁላል አለበት (ልጆቹ ይሄን ይወዱታል)። ከግቢው በር ደጀ ሰላም፣ ከምሥራቅ በኩል ደግሞ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ትንሽ ቤት፣ ቤተልሔም።

አሁን የፈረንጁን አስተያዩት። አጼ ቴዎድሮስ ደብዳቤ በጻፉላት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠሩት የእንግሊዝ የገጠር አጥቢያዎችም በአብዛኛው ሦስት ክፍል አላቸው፤ የሕዝቡ፣ የመዘምራኑና የመንበሩ። እነሱ ግን በአንድ መስመር ወደ ምሥራቅ ደረደሯቸው። እዚያ ወደ ፊት ትሄዳላችሁ፤ በእኛ ክብ ቤት ወደ ውስጥ። ይህን ካዩ በኋላ ሦስቱን ቃላት ማስታወስ ይቀላቸዋል ብለን እናምናለን።

ሁሉም የእኛ ክብ ነው ማለት ግን አይደለም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው፤ ከአድዋ ድል በኋላ የተሠራው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ስምንት ማዕዘን አለው።

ሙስሊም ወይም ጴንጤ የሆናችሁ ወላጆችም አትዝለሉት፤ ሃይማኖት እያስተማርን ሳይሆን ቋንቋ ነው። ለምሳሌ ልጆቹ «ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ» ይላሉ፤ አያቶቻቸው ግን «ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ» ነው የሚሉት። ሰው ደጁን፣ ግድግዳውን እውነትም ይስማል። ግቢ ውስጥ ሳይገባ ከአጥሩ ውጭ ተሳልሞ የሚያልፍም «ሳምኩ» ይላል።

ለሚመጣው ቅዳሜ የቤት ሥራው አያት ወይም አክስት ዘንድ ደውሎ መጠየቅ ነው፤ «እማማ፣ እርስዎ ያደጉበት ደብር ክብ ነበር? እርስዎስ የት ጋ ነበር የሚቆሙት?» መልሱን ልጁ ራሱ በአማርኛ ይጻፈው፤ ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም፣ አታርሙለት። ሥዕሉንም ይዞ ይምጣ።