ስለ እንቁራሪትና ስለ ጉርጥ የቆዳ ደዌ

የክረምት ዝናም በቤቴል መንደር ላይ በወረደ ጊዜ በየቦዩና በየወንዙ ዳር ባለው ረግረግ የእንቁራሪት ድምፅ ሌሊቱን ይሰማል። ሰው ግን ድምፁን ከመልመዱ የተነሣ እንቅልፍ ካልነሣው በቀር አያስተውለውም። ካህናትም የእንቁራሪት ስም ሲነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚላቸው በኦሪት ዘፀአት በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈው፤ በፈርዖን አገር ላይ የወረደው መቅሠፍት ነው። በዚህ ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጦ መቅሠፍቱ በራሳቸው በእንቁራሪቶቹ ላይ ወርዷል።

እንቁራሪትና ጉርጥ በሳንባ ብቻ ሳይሆን በቆዳቸውም ይተነፍሳሉ፤ ውሃም ወደ ሰውነታቸው የሚገባው በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው። በደማቸው ያለውን ጨው መጥኖ የሚጠብቀውም ይኸው ቆዳ ነው። ስለዚህ በሰው ላይ ቢወጣ እከክ ብቻ ሆኖ የሚያልፍ ደዌ በእነርሱ ላይ ሲወጣ ነፍስ ያጠፋል።

ከእነዚህ ደዌዎች አንዱ ራናቫይረስ ከተባለው ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣው ነው። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየቤቱ የአትክልት ስፍራ ባሉት ኩሬዎች እንቁራሪቶች በብዛት ሞተው ይገኙ ጀመር። የአንዳንዶቹ ቆዳ ቈስሎ ጣታቸው እስኪወድቅ ደርሶ ነበር፤ የሌሎቹም ከውጭ ምንም ሳይታይባቸው በሆድ ዕቃቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ተገኘ። በ2010 የታተመው ምርመራ እንዳስረዳው፤ ደዌው እየተመላለሰ በመታቸው ኩሬዎች ዘንድ፤ በእኩሌታዎቹ የእንቁራሪቱ ቍጥር በአሥር ዓመት ገደማ በመቶ 81ና ከዚያም በላይ ጐደለ። ቫይረሱ ከኩሬ ወደ ኩሬ የተዛመተበትም መንገድ ሲፈለግ፤ አብዛኛው በሰው እጅ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ገልጸዋል። ልጆችን ደስ ለማሰኘት ከጎረቤት ኩሬ ጥቂት እንቁራሪት ማምጣት እንደ በጎ ሥራ ይቈጠር ነበርና።

በስዊስ አገርም በ2014 በቆዳቸው ላይ ጠቈር ያለ ቡናማ ምልክት የወጣባቸው ጉርጦች ተገኝተው፤ ቢመረመሩ ከሄርፐስ ወገን የሆነ አዲስ ቫይረስ ታየባቸው። የሰውን ከንፈር የሚያቈስለው ቫይረስ በዚሁ በሄርፐስ ስም ቢጠራም የጉርጡ ደዌ የጉርጥ፤ የሰውም የሰው ነው። እንደዚሁም በሰው እጅ ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ከጉርጥ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ በጉርጥ ጀርባ ላይ የሚታየው እብጠት መርዙን የሚያመነጭበት ዕጢ ነውና፤ ደዌ አይደለም።

በኢትዮጵያ ደጋ በስፋት መኖሩ የታወቀው የእንቁራሪት ቆዳ ደዌ ግን ከቫይረስ የሚመጣ ሳይሆን ኪትሪድ ከተባለ ሻጋታ የሚመጣ ነው። በ2012 የታተመው ጥናት ይህ ሻጋታ በአገራችን ደጋ በብዙ ስፍራና በብዙ ዐይነት እንቁራሪት ላይ እንደሚገኝ አስታውቋል። ሻጋታው ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ ለመረዳት፤ በ2019 የወጣውን ቍጥር ማየት ይበቃል፤ በዓለም ላይ ቢያንስ የ501 ዐይነቶችን ቍጥር አሳንሷል፤ ከእነዚህም 90 ያህሉ ፈጽመው እንደ ጠፉ ተገምቷል። በኢትዮጵያ ከ70 የማያንሱ የዚህ ወገን ፍጥረቶች ሲኖሩ፤ ከእነርሱም ከሢሶው የሚበልጡት በሌላ አገር አይገኙም። በባሌ የሐረና ደን ብቻ የምትገኝ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት አለች፤ ደኑ እየተመነጠረባት ሳለ ደዌ ቢጨመርባት የምትሸሽበት ሌላ ስፍራ የላትም።

ይህ ነገር የባሌ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዞች ዳር ልማት ለከተማው ውበትና ጤና የሚጠቅም ሥራ ነው። ነገር ግን አዲስ ኩሬ በተቈፈረ ቍጥር ለጌጥ የሚሆን ዓሣና የውሃ ተክል ከሩቅ ማምጣት ይከተላል፤ ደዌውም በእንግሊዝ እንደ ሆነው ሁሉ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የኮልፌ ቀራንዮ ሹማምንትም ሆኑ ሌሎች ለኩሬ የሚመጣው ዓሣ አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም እንዲታይ ቢያዝዙ፤ ከአንድ ረግረግ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሠራተኞችም ቦት ጫማቸውንና ዕቃቸውን አጥበው፤ በፀሐይ አድርቀው እንዲገቡ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በየደብሩ ቅጥር ያለው ዛፍና የጠበሉ ምንጭ ለእነዚህ ፍጥረቶች መጠጊያ ነው፤ በስፍራው ውሎ የሚያድር ሰውም ለውጡን ከሁሉ አስቀድሞ ያያል። የእንግሊዙ ቍጥር የተገኘው እኮ ሊቃውንት ብቻቸውን ደክመው አይደለም፤ ከ1992 ጀምሮ ተራው ሕዝብ በኩሬው የሞተ እንቁራሪት ባየ ጊዜ እየጻፈ ስላስታወቀ ነው። በቤቴልም ቀኑንና ስፍራውን፤ የሞቱትን ቍጥርና የቆዳቸውን መልክ ለመጻፍ አንድ ደብተር ይበቃል። በአንድ ስፍራ ብዙ ሬሳ የተገኘ እንደ ሆነ በባዶ እጅ ሳይነኩ፤ ወደ ሌላ ውሃም ሳይጥሉ፤ በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ነው፤ የእንቁራሪት ሬሳ በእርጥብ ስፍራ ፈጥኖ ይበሰብሳልና፤ ካደረ ለምርመራ አይሆንም።