«ኤሙና» በፎገራ ሜዳ

ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ለሩዝ የሚበጀው ውሃ ሲበዛ ሰው ያፈናቅላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት አለ፤ ወረታ ላይ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ ሲባል ይዋላል።

እናንተ አገልጋዮች፣ እንዲህ ባለ ጊዜ መድረክ ላይ ቆሞ «በቅርቡ ያልፋል» ማለት ያጓጓል፤ እኔም ብያለሁ። የሰቆቃወ ኤርምያስ ጸሐፊ ግን በፈረሰችው ኢየሩሳሌም መካከል ቀን አልቆረጠም። በ3፥23 የያዘው የእግዚአብሔርን ታማኝነት ነው፤ በዕብራይስጡ «ኤሙና»፣ ከእኛው «አመነ» እና «አሜን» ጋር ሥሩ አንድ የሆነ ቃል። ዘጸአት 17፥12 ፀሐይ እስክትገባ ስለ ጸኑት የሙሴ እጆች የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። የሙሴ እጆች ግን ዝለው ነበር፤ አሮንና ሆር ደገፏቸው። የእግዚአብሔር ባሕርይ ደጋፊ አያሻውም። ሩዙን ጎርፍ የወሰደበት ምእመን ያሻዋል፤ ስለ ጽናት ከመስበካችሁ በፊት ቤቱ ሂዱ።