በአንድ ቦታ የሚመላለስ የሳንባ ምች

የሳንባ ልዩ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ፣ በነቀርሳና በአስም ስም ሲታከሙ የኖሩ ሕመሞችን ለይቶ የማወቅ ዕድል ሰፍቷል። ከእነዚህ አንዱ ካርሲኖይድ ነው፤ ከሳንባ ካንሰሮች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚሆን፣ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ዕጢ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው ጀርመናዊው ሐኪም ኦበርንዶርፈር ሲሆን፣ መጀመሪያ የተጠራበት ለአንጀት ዕጢ ነበር። ከሲጋራ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው፤ ወጣቶችንም ይይዛል።

ብዙውን ጊዜ በትልልቆቹ የአየር ቧንቧዎች ውስጥ ስለሚበቅል ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽና በዚያው የሳንባ ክፍል የሚመላለስ ምች ያስከትላል። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ደግሞ ሳል ብርቅ አይደለም፤ ብርዱና የኩበት ጢሱ አለ። ነቀርሳም አለ፤ ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ከፍተኛ የነቀርሳ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ በአካባቢው ከተሞች፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ፣ የሚሠራ ጤና ባለሙያ ነቀርሳን ማስቀደሙ ትክክል ነው።

ክርክሩ የሚነሳው አክታው ከነቀርሳ ነጻ ሆኖ ራጁ ጥላ ሲያሳይ ነው። የነቀርሳ መድኃኒት ይጀመር የሚሉት መዘግየት ሕይወት ያጠፋል ይላሉ፤ ለመጀመሪያው ዙር እውነት አላቸው። ሁለተኛውን ዙር ግን አልቀበልም። ዕጢው ቧንቧውን ሲዘጋ ከኋላው የሚጠራቀመውን ምች የነቀርሳው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ሊያስታግሰው ይችላል፤ መድኃኒቱ ሌሎች ባክቴሪያዎችንም ይገድላልና። ታካሚው ይሻለዋል፣ ሁሉም ነቀርሳ ነበር ብሎ ያምናል፣ ዕጢው ግን እዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነቀርሳን ከአክታ የሚለየውን ጂን ኤክስፐርት የተባለ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ካጸደቀ ወዲህ፣ ያለ ማስረጃ ሕክምናን መደጋገም ምክንያቱ እየሳሳ ሄዷል።

ቀጣዩ መንገድ የታወቀ ነው፦ ሲቲ ስካን፣ ብሮንኮስኮፒ (የአየር ቧንቧን ውስጥ በካሜራ ማየት)፣ ናሙና። ዕጢው በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ናሙና ሲወሰድ ሊደማ ይችላል። ናሙናው ትንሽና የተጨፈለቀ ከሆነም በፍጥነት ከሚያድገው ባለ ትናንሽ ሕዋስ ካንሰር ጋር ይምታታል፤ የሁለቱ ሕክምና ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ረጋ ያለው የካርሲኖይድ ዓይነት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ከአሥር ታካሚዎች ዘጠኙ ያህል ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ።

ለዚህ ነው ጤና ባለሙያዎችን የምማጸነው፦ አክታው ከነቀርሳ ነጻ የሆነ፣ የሳንባ ምችም በአንድ ቦታ የተመላለሰበትን ታካሚ ሌላ ዙር መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ሳንባ ሐኪም ላኩት። ቤተሰብም የቀድሞ ራጆችን አይጣል፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ የሚታወቀው አሮጌው ከአዲሱ ሲነጻጸር ነው።