ማናቭጋት ገበያ ማር ከመግዛታችሁ በፊት

ከአንታልያ ወደ ማናቭጋት የሚደረገው የአንድ ቀን ጉዞ ፏፏቴና ገበያ ያሳያል። ፏፏቴው ዝቅ ያለ ቢሆንም ሰፊ ነው፤ ውኃው የሚወርደው ከቶሮስ ተራሮች ነው። ትልቁ ገበያ የሚቆመው ሰኞና ሐሙስ ነው። ቅመሙ፣ ጨርቁ፣ የደረቀው ፍራፍሬ ዓይን ይስባል።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ማር ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። በቱርክ «ዴሊ ባል»፣ ማለትም «እብድ ማር»፣ የሚባል አለ። ንቦች በጥቁር ባሕር አካባቢ ተራሮች ከሚበቅል የሮዶደንድሮን አበባ የሚሠሩት ነው። ለደም ግፊት መድኃኒት ነው እየተባለ ይሸጣል። በውስጡ ያለው መርዝ ግን የልብ ምትን ያዘገያል፤ ግፊትንም ከልክ በታች ያወርዳል። የግፊት ወይም የልብ ክኒን ለሚወስድ ሰው አደጋው ይብሳል። አንድ ሁለት ማንኪያ እንኳ ራስን ሊያስት ይችላል።

ስለዚህ ከየት እንደመጣ ያልተጻፈበት ማር አትግዙ፤ ለዘመድም ስጦታ አታምጡ። ማር የበላ ሰው ካዞረው፣ ካላበው ወይም ካስመለሰው በጎኑ አስተኙት። ቱርክ ከሆናችሁ 112፣ እስራኤል ከሆናችሁ 101 ደውሉ። ማሩንም ለሐኪሙ አሳዩ። ሐኪም ያዘዘውን ክኒን በማር አትተኩ።