ከ«ዋው» በላይ፦ ደስታ ሲበዛብን ምን እንላለን?

ውጤት መጣ፣ ቪዛ ተሳካ፣ የቤተሰብ ቡና በጥሩ ዋጋ ተሸጠ። ብዙዎቻችን የምንጽፈው ግን ያው «ዋው» ነው። አማርኛ ለደስታ ብዙ ቃል አለው፤ ካልለየናቸው ግን ያላሰብነውን ልንናገር እንችላለን። እስኪ እንያቸው።

👉 ደስ አለኝ፦ መነሻው ይሄ ነው። ልብ በሉ፣ እንደ «ራበኝ» እና «በረደኝ» ስሜቱ ነው ወደ እኛ የሚመጣው፤ እኛ አናመጣውም።

👉 ቦረቀ፣ ፈነደቀ፣ ጮቤ ረገጠ፦ ደስታው ከልብ አልፎ እግር ላይ ሲደርስ። ጥጃም ልጅም ሜዳ ላይ ይቦርቃል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ያማረለት ግን ጮቤ ይረግጣል።

👉 ሐሴት፣ ፍስሐ፦ ከግዕዝ የመጡ ናቸው። ለሰርግ ካርድና ለምስጋና ያምራሉ፣ ለኳስ ጎል ግን ይከብዳሉ።

👉 ፈነጠዘ፦ ጥንቃቄ! መጠጥና ጭፈራ ያስታውሳል። ሥራ ያገኘ ጓደኛችሁን «እየፈነጠዘ ነው» ካላችሁት ደሞዙን እየበተነ ሊመስል ይችላል።

👉 አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፦ የተበደለ ሰው ፍትህ ሲያገኝ በጣም ያምራል። ሰው ሲወድቅ ከተባለ ግን ቂም ነው።

ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ላይ ደግሞ ደስታ በሁለት ቋንቋ ይነገራል። በአፋን ኦሮሞ ደስታ «ገመቹ» ነው። «እንኳን ደስ አለህ» ለማለት «በጋ ገመዴ»፣ ለብዙ ሰው ወይም ለምናከብረው ሰው «በጋ ገመደን» እንላለን። የሚገርመው፣ ሁለቱም ቋንቋዎች እንኳን የሚሉት ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ደስታው ነው! ጅማ ላይ «አልሀምዱሊላህ»ም አብሮ ይሰማል።

የአካባቢያችን ትልቅ ዜና ምሳሌ ይሁነን። አጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ቡና ገበሬዎች ማህበር እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ አገሮች ቡና በተወዳደረበት ቅምሻ አንደኛ ወጥቷል። ስሙ ራሱ «ብልጽግና» ማለት ነው። የቡና ገበሬ ልፋቱ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ደስታው ግን ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ፣ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። አባታችን ደውለው «ዘንድሮ ቡናችን ጥሩ ሄደ» ሲሉን «ዋው» ብቻ ብንላቸው ያንሳል። «እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት» ወይም «በጋ ገመደን» ስንል ደስታቸውን እንደተካፈልን ያውቁታል።

ቃል ከጠፋ ደግሞ እልልታ አለ፤ እሱ በሁለቱም ቋንቋ ትርጉም አይፈልግም።

እናንተ ሰፈርስ ደስታ ሲበዛ ምን ይባላል? ኮመንት ላይ ጻፉልን።