ተጨማሪ መረጃ፦ ዳገቱ፣ ጡንቻውና የወጡ ዘይት
በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ዳገት በማለዳ ሯጭና እግረኛ አያጣም። ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ግሩም ቦታ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ጭንና ባትን ያጠነክራል፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው ስስ አየርም ልብንና ሳንባን ያሠራል። ጀማሪ ግን በእርምጃ ይጀምር።

በጥቂት ቀናት ብዙ ኪሎ ያስቀንሳሉ የሚባሉ አመጋገቦች መጀመሪያ ላይ የሚያስወጡት በአብዛኛው ውኃ ነው። ረሃቡ ሲበረታ ጡንቻም አብሮ ይቀንሳል፤ ወደ ድሮው አመጋገብ ሲመለሱ ክብደቱም ይመለሳል። ለአዋቂ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። ጡንቻን ጠብቆ የሚያቆየው የማጠንከሪያ ስፖርት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይመክራል። ጂም የግድ አይደለም፦ ፑሽ አፕ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ የሰፈር ወጣቶች በጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው የሚያነሱት ክብደት ሁሉ ይሠራል።

ክብደት ለመቀነስ እንጀራን መተው አያስፈልግም። ሽሮና ምስር ጡንቻ የሚገነባ ፕሮቲን አላቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ዘይቱ ነው፤ በጾም ወጥ ውስጥም ቢሆን 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ገና በማደግ ላይ ያላችሁ ተማሪዎች ግን ያለ ሐኪም ምክር ምግብ አትቀንሱ።